እግሩ ሳይፈታ የጀልባ ሞተር አይገዛም

በደባርቅ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ያያል፣ ኮቴዋን አንስቶ ይመረምራል፣ አስኪዶ እንደማታነክስ ሳያረጋግጥም ቀብድ አይሰጥም። ያገለገለ ኢሱዙ የሚገዛውም ቢሆን የሊማሊሞን ቁልቁለት እያሰበ ፍሬኑን ሳያስፈትሽ ገንዘብ አይቆጥርም። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ አሮጌ የጀልባ ሞተር ሲገዛ ግን ድምፁን ሰምቶ፣ ቀለሙን አይቶ ሊከፍል ይችላል። በዚህ መንገድ የሚባክነው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

የደጋ ነጋዴን ከጀልባ ሞተር ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። ያገናኘው የጎብኚው መንገድ ነው። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነው። ስሜንን ያየ እንግዳ በዳባት በኩል ወደ ጎንደር ወርዶ የጣናን ገዳማት ማየቱ የተለመደ ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ወደብ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎርጎራ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ከተመረጠች ወዲህ፣ በጣና ላይ ጀልባ ማሠራት ለስሜን አስጎብኚም ሆነ ለዳባት እህል ነጋዴ የማይታሰብ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የጎብኚው ገበያ በመናጋቱ ለስህተት የሚተርፍ ገንዘብ ያለው ባለሀብት ጥቂት ነው።

ከጀልባው ጀርባ የሚታሰረው ሞተር ሦስት ክፍል አለው። ላይ ሞተሩ ራሱ፣ መሐል ረጅሙ ወገብ፣ ታች ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚገባው እግር ነው። እግሩ ማርሾቹንና ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግ ይይዛል። በእግሩ አናት ላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ውኃ ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ አለ፤ የፓምፑ ሆድ ዕቃም ክንፍ ያለው አነስተኛ ጎማ ነው። ይህ ጎማ ስለሚያልቅና ስለሚደርቅ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይኖርበታል። ለመለወጥ ደግሞ እግሩ ከወገቡ ተፈትቶ መውረድ አለበት።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በየጊዜው እየተፈታ ግራሶ ሲቀባ የኖረ እግር ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ በእጅ ይወርዳል። አልወርድም ያለው፣ የነከሰው እግር ግን ለብዙ ጊዜ አልተፈታም፤ ካልተፈታ ጎማው አልተለወጠም፤ ጎማው ካልተለወጠም ሞተሩ ከልክ በላይ ሳይሞቅ መኖሩን የሚያረጋግጥ የለም። በመሆኑም የነከሰ እግር የታችኛው ክፍል ብልሽት ብቻ አይደለም፤ በላይኛው ሞተር ላይ የቆመ ምስክር ነው። ሻጩ የማይናገረውን እግሩ ይናገራል።

“ላስነሳልህና ስማው” የሚለው የሻጭ ማስረጃ ይህን አይተካም። እንዲያውም በግቢ ውስጥ በደረቁ የሚነሳ ሞተር ያንኑ የፓምፕ ጎማ በአጭር ጊዜ ያበላሻል። ማስነሳት ካስፈለገ እግሩ ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ መግባት፣ የማቀዝቀዣው ውኃም በጎን እየተፋ መሆኑ መታየት አለበት።

እግሩ የሚነክስበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከእግሩ ወደ ላይ የሚወጣው ረጅም ዘንግ ጥርሳም ጫፉ ክራንክሻፍት በሚባለው የሞተሩ ዋና ዘንግ ውስጥ ይገባል። ያለ ግራሶ ዓመታት ሲያልፉ ሁለቱ በዝገት አንድ ይሆናሉ። ብሎኖቹ ብረት፣ አካሉ አሉሚኒየም በመሆኑም እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይፈጥርና ብሎኑን ቀርቅሮ ይይዛል። የጣና ውኃ ጨው አልባ በመሆኑ ጉዳቱ የባሕርን ያህል አይፈጥንም። ነገር ግን ቀድሞ ባሕር ላይ የሠራ ሞተር ዝገቱን ይዞ ይመጣልና “ጣና ጨው የለውም” የሚለው ቃል ዋስትና አይሆንም።

የነከሰውን ለማላቀቅ ከጉልበት ይልቅ ቅደም ተከተል ይበልጣል። በመጀመሪያ ቤንዚኑ ይራቅ፣ የካንዴላ ገመዶችም ይነቀሉ። ቀጥሎ ብሎኖቹ ይቆጠሩ፤ በብዙ ሞተሮች አንዱ ብሎን ከፕሮፔለሩ በላይ ካለችው ትንሽ ክንፍ ሥር ተደብቆ ይገኛል። ከዚያም ማርሽ የሚያስገባው ቀጭን ዘንግ መለያየቱ ይረጋገጥ፤ በአንዳንድ አሮጌ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ሞተሮች ማያያዣው በወገቡ ጎን ካለች ትንሽ ክዳን ጀርባ ነው። ይህን ሳይፈታ የሚጎትት ሰው ዘንጉን ያጣምመዋል። ሁሉም ተፈትቶ እግሩ ጨርሶ ካልተነቃነቀ የያዘው የቀረ ብሎን ወይም የዛገ ፒን ነው። ዙሪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወርዶ ከቆመ ግን ጥርሳሙን ዘንግ መጠርጠር ይገባል።

ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠዋትና ማታ እየተጨመረ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ብሎን የያዘው ከሆነ ዘይቱ ተጠርጎ በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ይሞቃል፤ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ ብሎኑን ይለቀዋል። በተከፈተው ስንጥቅ የእንጨት ሽብልቅ በግራና በቀኝ እኩል እየተመታ ይገባል። ካቻቢቴ አስገብቶ መፈልቀቅና በመዶሻ መደብደብ ግን አካሉን ይሰነጥቃል። ይህ ሁሉ ካልሆነ በስንጥቁ ውስጥ ዘንጉን በመጋዝ መቁረጥ የመጨረሻው ምርጫ ነው፤ አንድ ዘንግ መተካት ክራንክሻፍት ከመተካት ይረክሳልና።

እግሩ ሲወርድ የማርሹ ዘይትም ይታይ። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መግባቱን ያመለክታል። በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የሚጠመጠም የናይለን መረብ ክር ዘይት የሚያግደውን ጎሚኒ ይቆርጣል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና ላይ የተስፋፋው እምቦጭም የውኃ መሳቢያውን ሊደፍን ይችላል።

የገበያው ጥያቄ ታዲያ “ብሎን ቢሰበርስ ማን ይከፍላል?” የሚለው ነው። ሻጩ ሞተሩን ለማስፈታት የሚያመነታው በዚህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም አይባልም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ የሞተር መለዋወጫ በዚያው ልክ ከብዷል። አንዲት የተሰነጠቀች እግር የሁለቱንም ወገን ትርፍ ትበላለች።

መፍትሔው ሳይፈቱ መግዛት ሳይሆን ከመፍታት በፊት መዋዋል ነው። የመካኒኩን የእጅ ዋጋና የአዲሱን ጎማ ዋጋ ገዢው ይቻል፤ የፍተሻው ጥቅም የእሱ ነውና። በዝገት ለሚሰበር ብሎን ሻጩ ይጠየቅ፤ ዝገቱ ያደገው በእሱ እጅ ነውና። በመዶሻ ለሚሰነጠቅ አካል መካኒኩ ይጠየቅ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ሞተሩ ሊሸጥ የሚገባው በሚሠራ ሞተር ዋጋ ሳይሆን በመለዋወጫ ዋጋ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ሲደነግግ፣ ገዢም ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያዛል። ከጀልባው ሥራ መጀመር በኋላ በፍርድ ቤት ከመከራከር አስቀድሞ ሦስት ቀን መታገሥ ይረክሳል።

ደላላውም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም። ክፍያው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ እስከሆነ ድረስ መቻኮሉ አይቀርም። ቀብዱን በአደራ ይዞ ፍተሻውን ላስፈጸመ ደላላ፣ ሽያጩ ቢቀርም እንኳ የድካሙ እንዲከፈለው አስቀድሞ መስማማት ይገባል። ያን ጊዜ ደላላው የሻጭም የገዢም ሳይሆን የእውነተኛው ዋጋ ወገን ይሆናል። አሮጌ ሞተር መግዛት ነውር የለበትም፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን እግሩ መሬት ላይ ወርዶ፣ ጎማውና ዘይቱ በዓይን ሲታዩ ነው።