ቅርፊቱና አስኳሉ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። ቶናው ላይ ስንደርስ ከመሶቡ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከልጅ ልጇ ትምህርት ቤት የመጣ ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሊሰጥ ነውና ወላጅ ይወቅ ይላል።

«ሲስተር፣ ይኼ ነገር ማህፀን ይዘጋል ይላሉ። ላስከትባት ወይስ ይቅር?» አለችኝ።

«አስከትቢያት» አልኳት። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ አነሰብኝ። የፈራ ሰው ምክንያቱን ማወቅ አለበት። እነሆ ለእሷም ለእናንተም።

የሰውነታችንን ህዋስ እንደ እንቁላል አስቡት። በአብዛኞቹ ህዋሳት ውስጥ እንደ አስኳል ያለ ነገር አለ፤ ሳይንቲስቶች ኒውክሊየስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የስኮትላንዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1831 ነበር። በዚህ አስኳል ውስጥ በ46 ክሮሞዞሞች የተጠቀለለ ዲ.ኤን.ኤ. ይገኛል። ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ህዋሱ መቼ እንደሚከፈል፣ መቼ እንደሚያቆም ትእዛዙ ያለው እዚያ ነው። ካንሰርም የሚጀምረው ይህ ትእዛዝ ሲዛባ ነው።

ይህን በማህፀን በር ላይ አጥርቶ ያሳየን ጆርጅ ፓፓኒኮላው የተባለ፣ ኒውዮርክ ይሠራ የነበረ የግሪክ ተወላጅ ሐኪም ነው። ባለቤቱ አንድሮማኪ ለዓመታት ከራሷ ናሙና እየሰጠች ረድታዋለች። ጤነኛው ህዋስ አስኳሉ ትንሽና ክብ ነው። ወደ ካንሰር የሚያመራው ግን አስኳሉ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ቅርጹም ይበላሻል። ፓፓኒኮላው ይህን እ.ኤ.አ. በ1928 ሲናገር ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1943 ከሐኪሙ ኸርበርት ትራውት ጋር መጽሐፍ ካወጣ በኋላ ግን ምርመራው ዓለምን አዳረሰ። ትልቁ ቁም ነገር ለውጡ ካንሰሩ ከመድረሱ ከዓመታት በፊት መታየቱ ነው።

አስኳሉን የሚያበላሸው ማነው? ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ሁለት ዓይነት የኤች.ፒ.ቪ. ቫይረሶችን በማህፀን በር ካንሰር ህዋሳት ውስጥ አገኙ። እሱም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ቫይረሱ የራሱን ዲ.ኤን.ኤ. ወደ አስኳሉ ያስገባል። ከዚያ የሚመረቱ ሁለት ፕሮቲኖች የህዋሱን ዘበኞች ያሰናክላሉ። ዘበኛ የሌለው ህዋስ «አቁም» የሚለው የለምና መከፋፈሉን ይቀጥላል። በአብዛኛው ሰው ላይ ቫይረሱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ ግን ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ቅርፊት ብቻ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. የለውም። አስኳል የሌለው እንቁላል ጫጩት እንደማይፈለፍል ሁሉ፣ ይህም ባዶ ቅርፊት ነውና በልጅቷ ህዋስ ውስጥ ገብቶ የሚሰጠው ትእዛዝ የለም። ሰውነቷ ቅርፊቱን አይቶ መልኩን ይለያል፤ እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ ይመክተዋል። ክንዷን ያማት ይሆናል፣ ትንሽ ትኩሳት ወይም መዞር ሊኖር ይችላል። ማህፀን ግን አይዘጋም። ማህፀን የሚያሳጣስ በሽታው ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ታላቅ እህቴ ካረጠች በኋላ ደም ይፈሳት ነበር። አፍራ ልብሷን ሌሊት ታጥብ ነበር። እኔ ነርሷ በየእሑዱ እቤቷ ምሳ እበላ ነበር፤ አንድም ቀን «እህቴ፣ እንዴት ነሽ ከወገብ በታች?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ሌላውን ሴት ሁሉ ስጠይቅ የኖርኩ፣ እሷን አፈርኩ። ስትነግረኝ ጊዜው አልፎ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ እንድረግ። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል፤ ወረቀቱ ሲመጣ ከመሶብ ሥር አይደር። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆነ እናቶች ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ባለሙያዋ ከኮምጣጤ ጋር አንድ የሆነ፣ የተበረዘ አሲድ የማህፀን በሩን ታስነካና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። አስኳላቸው ያበጠ ህዋሳት ያሉበት ቦታ ይነጣል። ገና ካንሰር ያልሆነው ለውጥ ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለባት ሴት ቀደም ብላ መጀመር አለባት። የተከተበች ልጅም አድጋ ምርመራው አይቀርላትም። ካረጠች በኋላ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ያየች ሴት ደግሞ ዕድሜ ሳትቆጥር በዚያው ሳምንት ሐኪም ትይ።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ የልጅ ልጇን ራሷ ትምህርት ቤት ስታደርስ አየኋት። ወረቀቱ በእጇ ነበር።

እናንተም በዚህ ሳምንት ቡና ስትጠጡ እህታችሁን ጠይቋት። ሰላም ሰንብቱ።