ወንዝ ጨውን አያጠራም



በአዋሽ ሰባትም ሆነ በሰመራ የአዋሽ ወንዝ ጥራት በተነሣ ቁጥር «የሚፈስ ውኃ ራሱን ያጠራል» የሚል አይጠፋም። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ የሚያዘናጋውም ለዚሁ ነው።

እውነተኛው ግማሽ ውኃ በሞላባቸው አሮጌ የማዕድን ጉድጓዶች ጎልቶ ይታያል። የኖራ ድንጋይ አሲዱን ሲያበርደው፣ የሟሟው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ዝገት የመሰለ ደለል ይሆንና አርሴኒክን ይዞ ይዘቅጣል። ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቀት ደግሞ ባክቴሪያዎች ሰልፌትን ወደ ሰልፋይድ ይለውጣሉ፤ መዳብና ዚንክም ከሰልፋይዱ ጋር ተጣምረው ጠጣር ይሆናሉ። በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው የቆቃ ግድብም ከሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚመጣ ክሮም ከጭቃ ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። እዚያው ይከማቻል እንጂ አይጠፋም፤ ቢሆንም ከታች ላለው ሰው እፎይታ ነው።

በሰቃ ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ የመተሐራ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን እየተጋፋ ስላስቸገረ ውኃው በቦይ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ተደርጓል። ችግሩ፣ የሐይቁ ውኃ ሶዲየምና ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑ ነው፤ ሶዲየምን የሚያዘቅጥ ባክቴሪያ ደግሞ የለም። ፍሎራይድን ይዞ ሊወርድ የሚችለው ካልሲየም ነበር፤ በበሰቃ ዓይነት ሶዳማ ውኃ ውስጥ ግን ካልሲየሙ ቀድሞ ከካርቦኔት ጋር ይዘቅጣል፣ ፍሎራይዱም ሟሙቶ ይቀራል። ከዚያ በታች የአፋር ፀሐይ ውኃውን አትንና ጨውን ትተዋለች። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል።

ጨው መሬት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አሚባራ መሄድ ይበቃል። በመልካ ሰዲና በመልካ ወረር፣ በቂ ማንጣፈፊያ ሳይኖር ለዓመታት የተካሄደ መስኖ የከርሰ ምድሩን ውኃ ወደ ላይ ስቦ፣ ጥጥ ይለቀምበት የነበረውን ማሳ ነጭ ቅርፊት አልብሶታል። እንዲህ ላለው አፈር ጨዋማ ውኃ መጨመር ጉዳቱን ማባባስ ነው።

ሐይቁ ይታፈን የሚል የለም። ሆኖም መፍትሔው ማቅጠን ብቻ ከሆነ፣ መለቀቅ ያለበት አዋሽ በሚሞላበት ክረምት ነው፤ ወንዙ በሚሳሳበት በጋ ቦዩ ይዘጋ። የጨውና የፍሎራይድ መጠን በአዋሽ ሰባትና በሰመራ አቅራቢያ ባለው የተንዳሆ ግድብ በየወሩ ይለካ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ውጤቱ ከዚህ ቁጥር ጎን ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ።


አንድ አንባቢ፣ ከሰመራ