በመስታወት ላይ የተለጠፈ ደረሰኝ

አለቃችን ይመለስልን ብሎ ሥራ ያቆመ ሠራተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማውቀው ሥራ ማቆም ለደመወዝ ነው፤ አለቃ ሲነሳማ ቡና የሚጋብዝም አይጠፋም። በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ የማርኬት ባስኬት ሱፐርማርኬት ሠራተኞች ያደረጉት ግን ይህንኑ ነው።

ድርጅቱ የተጀመረው በ1917 ነው። አትናስዮስ ዴሙላስ፣ በእኛ አጠራር አትናቴዎስ፣ ከሚስቱ ጋር ማሳቹሴትስ ውስጥ ሎዌል በምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ የበግ ሥጋ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። በ1954 ሱቋን ቴሌማከስና ጆርጅ የተባሉት ልጆቻቸው በ15,000 ዶላር ገዝተው አስፋፏት። ወንድማማቾቹ፣ አንዳችን ብንሞት የቀረው የሟችን ቤተሰብ ይጠብቅ ተባባሉ። ጆርጅ በ1971 ግሪክ ለዕረፍት እንደሄደ ሞተ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የእኛ አገር ሰው ሳይነግሩት ያውቀዋል። የጆርጅ ቤተሰብ በ1990 ፍርድ ቤት ሲቆም፣ የነበረው ግማሽ ድርሻ ቀልጦ የቀረው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሌላው ወደ ቴሌማከስ ወገን ዞሯል። አደራ በላ ማለት ይኸው ነው። በአያታቸው ስም (አትናስዮስ በእንግሊዝኛ አርተር ይባላል) የተጠሩት ሁለቱ የአጎት ልጆች፣ የቴሌማከስ ልጅ አርተር ቲ እና የጆርጅ ልጅ አርተር ኤስ፣ በክርክሩ መሀል ቡጢ እስከ መሰናዘር ደረሱ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ለጆርጅ ወገን 50.5 በመቶ ወሰነ።

አርተር ቲ በ2008 ሥራ አስኪያጅ ሆነ። የአባቱን በደል ባልረሳም፣ ሰውየው ሠራተኛ መያዝ ያውቅበታል። በዚያው የፋይናንስ ቀውስ ዓመት የሠራተኞቹ የትርፍ ድርሻ ገንዘብ ሲከስር ጉድለቱን ከድርጅቱ ካዝና ተካ፤ ለ2014 ደግሞ ለደንበኛው ሁሉ 4 በመቶ ቅናሽ አደረገ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የእነ አርተር ኤስ ወገን የሚያዝዘው ቦርድ አባረረው።

ወደ 25,000 የሚጠጋው ሠራተኛ የሠራተኛ ማኅበር አልነበረውም። ሆኖም ሾፌሮቹ መኪና አቆሙ፣ መጋዘኑ ዝም አለ፣ በ71 መደብሮች የአትክልትና የሥጋ መደርደሪያው ባዶውን ቀረ። ከሁሉ የሚገርመኝ ደንበኛው ነው። ሌላ ሱፐርማርኬት ሄዶ ይገዛና ደረሰኙን አምጥቶ የማርኬት ባስኬት መስታወት ላይ ይለጥፋል፤ «ያመለጣችሁ ብር ይኸውላችሁ» ማለቱ ነው። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ደረሰኝ ለበሰ። ስድስት ሳምንት እንደዚህ ከሰነበተ በኋላ፣ ነሐሴ ማብቂያ ላይ አርተር ቲ የተቀናቃኞቹን 50.5 በመቶ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊገዛ ተስማምቶ ተመለሰ። ሰው በአደባባይ እየተቃቀፈ አለቀሰ።

እኔ ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። ያን ሁሉ ጉልበት ይዘው የጠየቁት «ሰውየውን መልሱልን» ብቻ ነበር። በቦርዱ አንድ ወንበር፣ ከአክሲዮኑ ቅንጣት ታህል አልጠየቁም። ድርጅቱ ከአንዱ የአጎት ልጅ ወደ ሌላው ዞረ እንጂ ከዴሙላስ ቤት አልወጣም። ከግዢው በኋላ አብላጫው ድርሻ የአርተር ቲ እህቶች ሆነ።

በግንቦት 2025 ቦርዱ አርተር ቲን ከሥራ አገደ፤ በመስከረም አሰናበተው። እህቶቹ ከቦርዱ ጋር ነበሩ። የዚያን ጊዜ መደብሮቹ ክፍት ነበሩ፤ መደርደሪያውም ሙሉ።