የመጠራጠር ክብር

አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲሉ ጠላትንና ሌባን አስበው ይሆናል። እኔ ግን ይህን አባባል ወደ ትምህርታችን አምጥቼ፣ ራሱን ለመጠርጠር የማይፈቅድ ዕውቀት ዕውቀት አይባልም ብዬ ልከራከር ተነሥቻለሁ። ምስክሬም ከሰማይ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ማቼይ ኮናትስኪ የተባለው ፖላንዳዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ አስደናቂ ነገር አወጣ። ከእኛ 150 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ፣ ኤች ዲ 188753 በሚል ቁጥር የተመዘገበ የሦስት ከዋክብት ማኅበር አለ። ሁለቱ ከዋክብት በ156 ቀን እርስ በርሳቸው ይዞራሉ፤ ጥንዶቹና ዋናው ኮከብ ደግሞ በ26 ዓመት ገደማ ይዟዟራሉ። ኮናትስኪ በሃዋይ ተራራ ላይ ባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ የከዋክብቱን ፍጥነት ለክቶ፣ ከጁፒተር በጥቂት የምትከብድ ፕላኔት ዋናውን ኮከብ በ3.35 ቀን ትዞረዋለች አለ። ሦስት ፀሐይ የሚወጣበት ሰማይ ተገኘ ተብሎ ወሬው በዓለም ተነዛ።

ነገሩ ግን ከወሬ በላይ ነበር። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ታላላቅ ፕላኔቶች የሚወለዱት በወጣት ኮከብ ዙሪያ ከሚሽከረከር የጋዝና የአቧራ ክብ፣ ያውም ከኮከቡ ራቅ ብሎ በረዶ ከሚጸናበት ሥፍራ ነው፤ ወደ ኮከቡ የሚጠጉት ኋላ ነው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ግን የጥንዶቹ ስበት ክቡን ገና በአጭሩ ይቆርጠዋል። እንግዲህ ፕላኔቷ ካለች መጽሐፉ መታረሙ ነው።

የጄኔቫ ኦብዘርቫቶሪዋ አን ኤገንበርገርና ባልደረቦቿ አላጨበጨቡም፤ አልተሳደቡምም። በደቡብ ፈረንሳይ ከሚገኘው የኦት ፕሮቫንስ ኦብዘርቫቶሪ ያንኑ ኮከብ አንድ ዓመት ተከታተሉ። እንዲህ ያለችው ፕላኔት ራሷ አትታይም፤ የምትታወቀው ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስትጎትተው ነው። የሦስቱ ብርሃን ተደባልቆ ስለሚመጣ የአንዱን እንቅስቃሴ ከሌላው መለየት እጅግ ከባድ ነው። በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፣ ፕላኔቷ ብትኖር ኖሮ መሣሪያቸው ሊያገኛት ይችል እንደነበርና ምልክቷ ግን እንዳልታየ ገለጹ።

ታዲያ ሁሉም ከንቱ ድካም ነበር? በፍጹም! ኮናትስኪ የለካበትን መንገድ በግልጽ ጽፎ ለፈተና ባያቀርበው ኖሮ ማንም ሊፈትነው ባልቻለ ነበር። መጠራጠርም ሁልጊዜ አያፈርስም። በ1996 ይፋ የሆነችው፣ 16 ሲግኒ ቢ የተባለውን ኮከብ የምትዞረው ታላቅ ፕላኔት የምትገኘው እንዲሁ በሦስት ከዋክብት ማኅበር ውስጥ ነው። እርሷ ግን በሁለት ኦብዘርቫቶሪዎች ተለክታ ጸንታለች። አንዷን የጣለው ፈተና ሌላይቱን አቆማት።

ጓደኞቼ ሆይ፣ እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። በላቦራቶሪ የለካው ቁጥር ከመጽሐፉ ሲለይበት የራሱን ፍቆ የመጽሐፉን የሚጽፍ ስንቱ ነው? «ይህ በምን ታወቀ?» ብሎ የሚጠይቀውንስ ተማሪ ሰዓት እንደሚያባክን ቆጥረን የምናጉረመርምበት ስንቶቻችን ነን? «ማርክ የሚሰጠው ለመጽሐፉ ቁጥር ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለው፤ ስለዚህም ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። መምህራኖቻችንም በቅንነት ተለክቶ ለተለየው ቁጥርና ለምክንያቱ ማርክ ይስጡ።

ነገር ግን እነርሱን እስክንጠብቅ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ዛሬ ቁጥር መፋቅን የለመደ ተማሪ ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ሹም ሲሆን የሚፍቀው የሰው ሕይወት ይሆናል። የለካነውን እንጻፍ፤ እንዴት እንደለካን እንግለጽ፤ ጓደኛችን ደግሞ ሲለካው አንቆጣ።