«የሰው አደራ ናት»

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ጎረቤቴ ነው። እትዬ የምላቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። እናቷ ዱባይ በሰው ቤት ስለምትሠራ የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በትምህርት ቤት ሲሰጥ ልጅቷን «ሆዷን አሟታል» ብለው አስቀሯት። የነገሩኝም ራሳቸው ናቸው፤ ቡና ላይ፣ ደግ እንደሠራ ሰው።

«ያመክናል አሉ፣ ሲስተር። ልጂቱ የሰው አደራ ናት። አስወግቻት አንድ ነገር ብትሆን ለእናቷ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

በሥራ ዘመኔ ይህን ብሰማ «አለማወቅ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ ግን አልልም። እትዬ የፈሩት ለልጅቷ ነው። ሦስተኛው እስኪጠጣ ጠብቄ፣ ማህፀን ክፍል ስሠራ ያየሁትን ነገርኳቸው። ካረጡ በኋላ ደም ያዩ፣ ሽታ ያለውን ፈሳሽ አፍረው ከባል ከልጅ የደበቁ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንኳ ከሰው ራቅ ብለው የሚቀመጡ እናቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ሲመጡ ቀዶ ሕክምና ከሚያድንበት ደረጃ አልፈው ነበር። ያኔ ክትባቱ አልነበረም።

ይህን ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ ያገኘዋል፤ ሰውነትም ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። አልወጣ ያለው ግን ሕመም ሳያሰማ 15 እና 20 ዓመት ቆይቶ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ክትባቱ አንዴ የገባውን ቫይረስ አያስወጣም። በልጅነት የሚሰጠው ለዚህ ነው እንጂ ልጆቻችንን ጠርጥሮ አይደለም።

መካንነት ለተባለው፣ በክትባቱ ውስጥ ቫይረሱ ራሱ የለም፤ ያለው የላይኛውን ሽፋኑን የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው። አያመክንም። ማህፀን እስከማስወጣት የሚያደርሰው ካንሰሩ ነው። እትዬ ስኒውን ያስቀመጡት እዚህ ላይ ነው።

ክንድ ያማል፣ ትንሽ ሊያተኩስም ይችላል። ራሷን የምትስት ልጅ ካለችም ብዙውን ጊዜ ከፍርሃትና ከባዶ ሆድ ነው፤ ቁርስ አብልታችሁ ላኳት፣ ከተወጋች በኋላም ሩብ ሰዓት ትቀመጥ።

ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው። በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሆኖ አንድ ጊዜ መወጋት በቂ ሆነ። እኔን የሚያሳስቡኝ በ2011 ዕድሜያቸው ያለፈ ታላላቅ እህቶች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው የእህቴ ልጅ «ኤችፒቪ» ስላት «ኤች አይ ቪ ማለትሽ ነው?» አለችኝ። ነርስ አክስት እያላት! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ ቤቴ ላይ ዝም ብያለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ የልጅቷ እናት ስትደውል እትዬ ስልኩን ለኔ ሰጡኝ። አስረዳኋት። «ታስወጋት» አለች፣ ሳታመነታ። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ሲስተር፣ እኔስ?» ስትል ጠየቀችኝ። 34 ዓመቷ ነው።

ለአንቺ ምርመራ ነው ያለው አልኳት። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ምንም ሳያማት መመርመር አለባት፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ደግሞ ቀደም ብላ። የማህፀን በሩን ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብተው ያዩታል፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ነጭ ነገር ከታየ ካንሰር ሳይሆን በፊት ይታከማል።

«ስትመጣ እኔው ይዣት እሄዳለሁ» አሉ እትዬ፣ ስልኩን ከእጄ እየተቀበሉ። የልጅቷን ጉዳይ ለመጠየቅ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ልጅቷ ቁርሷን በልታለች።