ማየትና ማወቅ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኔ ግን በዘንድሮው የሽርሽር ጉዞአችን አንድ ነገር ተረድቻለሁ፤ ይኸውም አገር ታይቶም ሳይታወቅ ሊቀር የሚችል መሆኑን ነው።

ጓደኞቼ እንደምታስታውሱት ከአዳማ የተነሣነው ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ነበር። በሞጆና በመቂ አልፈን ቀድሞ ዝዋይ ትባል ከነበረችው ከባቱ ከተማ ደረስን። በሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎች ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉላቸውን ሲጠባበቁ አይተን፣ በሞተር ጀልባ ተሳፍረን ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻገርን። መንገዱ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ነገር ግን በዚያው ቀን ላንጋኖንና አብጃታን ማየት ስለ ነበረብን ለደሴቲቱ የተመደበላት ጊዜ 40 ደቂቃ ብቻ ነበረ።

ለመሆኑ ቱሉ ጉዶ ምንድን ናት? ስሟ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ሲሆን ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ትልቋ ናት። በላይዋ የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። አባቶች ሲተርኩ፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ተሰደዱ፤ ታቦቷም 70 ዓመት ያህል ቆየች ይላሉ። የደሴቶቹ ሕዝብ ዛይ ይባላል። ቋንቋውም እንደ አማርኛ ከሴም ቋንቋዎች ወገን ሆኖ ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ የሚናገሩት ግን ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከተመለስሁ በኋላ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ነው። እዚያ ሳለሁ ጊዜዬን የጨረስሁት ፎቶግራፍ በማንሣት ነበር። በመጨረሻ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ከወዴት መጣችሁ?» አሉኝ። ከአዳማ መሆናችንን ነገርኋቸው። አባታቸው ከደንገል ታንኳ ሠርተው ወደ ገበያ ይሻገሩ እንደ ነበረ ያወጉኝ ጀመር። በመካከሉ የልጅ ልጃቸውን በዛይኛ አንድ ነገር ቢጠይቁት ልጁ በኦሮምኛ መለሰላቸው። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው «አየህ፤ ይሰማል እንጂ አይናገርም» አሉኝ። ስለዚሁ ልጠይቃቸው ስል ጥሪ ተሰማ። «ይቅርታ አባቴ፤ ጀልባው ሊሄድብኝ ነው» ብዬ ሮጥሁ። ዛሬ በስልኬ ውስጥ 112 ፎቶግራፎች አሉ፤ የሽማግሌውን ስም ግን አላውቅም።

«ሽርሽር ለመዝናናት ነው፤ ትምህርቱ በክፍል ይበቃል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ወላጆችም በአንድ ጊዜ ክፍያ ሦስት ቦታ ቢታይ ትርፍ ነው ይሉ ይሆናል። ሐሳባቸውን አልንቅም፤ የሚከፈለው ገንዘብ በድካም የተገኘ ነውና። ነገር ግን ላንጋኖ ደርሰን ምሳችንን በልተን ወዲያው ተነሣን፤ አብጃታንም ያየነው በአውቶቡሱ መስኮት ነው። እንግዲህ ትርፉ የቱ ላይ ነው? ለመዝናናትስ ቢሆን ሲሮጡ ከመዋል ይልቅ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ወግ መስማት አይሻልምን?

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው ዓመት አንድ ቦታ ብቻ ይመረጥ። ከጉዞው በፊት የታሪክና የጂኦግራፊ መምህሮቻችን ስለ ቦታው በሁለት ክፍለ ጊዜ ያስረዱን። እዚያም ስንደርስ እያንዳንዱ ቡድን ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት ጋር ተቀምጦ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ የሰማውን ይጻፍ። የተጻፈው በዚህ መጽሔት ይውጣ፤ አንድ ቅጂም ለባለ ታሪኮቹ ይላክላቸው።

እኔ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ስለምጨርስ ከእናንተ ጋር አልሄድም። የ11ኛ ክፍል ወንድሞቼና እኅቶቼ ግን ወደ ቱሉ ጉዶ ብትሻገሩ፣ ከዛፉ ሥር የሚቀመጡትን ሽማግሌ ፈልጋችሁ ስማቸውን ጠይቁልኝ። የጀመሩትንም ወግ እስኪጨርሱ ድረስ ቁጭ ብላችሁ ስሙልኝ።