የእንጨት ዓሳችሁን ጠግኑ፣ ብርብራውን ተዉት

«ቲቸር፣ መንጠቆ ያለባት የእንጨት ዓሳ ተሰነጠቀች፤ ብርብራ ይሻለናል» የምትሉ ልጆች አላችሁ። አልስማማም!

ብርብራ መልካም ዛፍ ነው። የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ፣ ለቡናችን ጥላ የሚሰጥ። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ግን ሮተኖን የሚባለው መርዝ የዓሳው አካል ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ጫጩቱም፣ እንቁላል የያዘችውም አብረው ይሄዳሉ። «የአባቶቻችን ልማድ ነው» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ዘሩን ከጨረስን ልጆቻችን ምን ያጠምዳሉ? ጎጀብ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ኦሞ ገብቶ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ይወርዳል።

መንጠቆ ምርጫ ይሰጣችኋል፤ ትንሹን ትለቁታላችሁ። ጥገናውም ቢሆን ያን ያህል አይከብድም። እንጨቱን ጥላ ስር በደንብ አድርቁት። ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ ሙሉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ከዚያ ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት። ይቺን አትዝለሉ፤ ውሃ ከገባው ያብጥና እንደገና ይሰነጠቃል። ባለ ሦስት ጫፉን መንጠቆ በባለ አንድ ቀይሩት፤ ወደ ኋላ የዞረችውን ሹል በፒንሳ ደፍጥጧት፣ የምትለቁት ዓሳ እንዳይቀደድ። ከባዶ መሥራት ለሚፈልግ ቆርች ቀላል እንጨት ነው፣ ይንሳፈፋል።

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ካፋን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ሁላችንም ኮርተናል። ታዲያ በጫካው እየኮራን ወንዙን መመረዝ ምን የሚሉት ነገር ነው? የማትስማሙ ካላችሁ ተከራከሩኝ፤ ግን ከመከራከራችሁ በፊት አንዷን ጠግኑና ሞክሯት።